በሴቶች ኀፍረተ ሥጋ ላይ ስለሚወጣ ጥቁር ነቀርሳ

በየወሩ የምናቀርበው የንጽሕናና የጤና ትምህርት ብዙ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፉና ብዙ ሕዝብ ስለሚያጠቁ ሕመሞች ነው። ዛሬ ግን እጅግ ስለማይዘወተር አንድ ሕመም እንነጋገራለን። በቢቸና ወይም በሞጣ ሆስፒታል ዘመኑን ሁሉ ያገለገለ ሐኪም ይህን ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ ያየው ይሆናል፤ ምናልባትም ጨርሶ ሳያየው ጡረታ ይወጣ ይሆናል። ታዲያ የማይዘወተረውን ማስተማር ስለ ምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሕመሙ ገና ትንሽ ሳለ ቢታይ በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊወገድ የሚችል ሲሆን፥ የሚወጣበት ስፍራ ለዐይን የተሰወረ፥ ለመናገርም የሚያሳፍር በመሆኑ ሳይታይ ይቈያል፤ በቈየ መጠንም የሐኪሙን እጅ ያመልጣል።

የሕመሙ ስም ሜላኖማ ነው። ቃሉ የመጣው ጥቁር የሚል ትርጉም ካለው «ሜላስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ሮበርት ካርስዌል የተባለው የስኮትላንድ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. በዚህ ስም ጠርቶታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ጥቁር ነቀርሳ እንለዋለን። ነቀርሳ ስንል በሳንባ ላይ የሚወጣውንና በትንፋሽ የሚተላለፈውን ማለታችን አይደለም፤ ካንሰር የሚባለውን ማለታችን ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት በአገራችን የቈየ ልማድ ስለ ሆነ፥ ብዙ ቤተሰብ ካንሰር የያዘውን ሰው ይጋባብናል በማለት ዕቃ እስከ መለየት ይደርሳል። ይህ በከንቱ ማዘን ነው። ጥቁር ነቀርሳ በመብል፥ በልብስ፥ በመኝታም ቢሆን ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም።

የሰው ቆዳ ቀለሙን የሚያገኘው ሜላኖሳይት ከሚባሉ ደቃቅ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሜላኒን የሚባለውን ቀለም እያበጁ በዙሪያቸው ላሉት የቆዳ ሕዋሳት ያድላሉ። ጥቁር ሰው ከነጭ ሰው ይልቅ ብዙ የቀለም ሕዋሳት ያሉት ይመስላል፤ ነገር ግን ቍጥራቸው በሁለቱም ዘንድ ተቀራራቢ ነው፤ የሚለየው የሚያበጁት ቀለም ብዛትና ዓይነት ነው። ከእነዚህ ሕዋሳት አንዱ ሥርዐቱን ለቆ ያለ ልክ መባዛት ሲጀምር ጥቁር ነቀርሳ ይነሣል። የቀለም ሕዋሳትም በገላ ቆዳ ላይ ብቻ የሚገኙ አይደሉም፤ በዐይን፥ በአፍ ውስጥ፥ በአፍንጫ ውስጥ፥ በፊንጢጣ፥ እንዲሁም በሴት ብልት ስስና እርጥብ ሽፋን ላይ ሁሉ ይገኛሉ። ስለዚህ ሕመሙ ከእነዚህ ሁሉ ሊነሣ ይችላል።

ቆዳቸው ነጣ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ይህ ነቀርሳ በብዛት የሚመጣው ከፀሐይ ቃጠሎ ነው። በአሜሪካ አገር በተደረገ ቈጠራ ከነጮቹ ከ33 ሰዎች አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ የቆዳ ሜላኖማ ሲያገኘው፥ ከጥቁሮቹ ግን ከ1000 ሰዎች አንዱን ያህል ብቻ ያገኘዋል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ የእኛ ሕመም አይደለም» ሊል ይችላል፤ በእውነትም ጥቁር ቆዳችን ከፀሐይ ጕዳት ይጋርደናል። ነገር ግን ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይህ ግርዶሽ ጥቅም የለውም። በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ሜላኖማ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በእግር መርገጫ፥ በጥፍር ሥር፥ ወይም ከላይ በጠቀስናቸው እርጥብ ሽፋኖች ላይ ነው። በብልት ላይ የሚወጣውም ሜላኖማ የፀሐይ ሥራ ስላይደለ፥ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት በገላ ቆዳ ላይ እንዳለው ሰፊ አይደለም።

ለዚህ ነገር አገራችን የምታውቀው ምሳሌ አለ። ዝነኛው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ፥ በአዲስ አበባ ሐውልት የቆመለት፥ የሞተው በዚሁ ሕመም ነው። በ1969 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1977) በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የታየው ቍስል በኳስ ጨዋታ የደረሰ ጕዳት ተደርጎ ተቈጥሮ ነበር፤ ሲመረመር ግን ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ወደ ሌላ የሰውነቱ ክፍል ተሰራጭቶ በ1973 ዓ.ም. ግንቦት ወር በ36 ዓመቱ ዐረፈ። የእግር ጣት ለሁሉ የሚታይ ስፍራ ነው፤ ሆኖም ቍስሉ ለሌላ ምክንያት ተሰጥቶ ነበር። እንግዲህ ሰው በማያየው፥ ባለቤቲቱም በማትመለከተው ስፍራ የወጣው ምን ያህል ሊሰወር እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የሴት ኀፍረተ ሥጋ ሦስት ክፍል አለው ብለን እናስቀምጥ፤ በውጭ የሚታዩት የብልት ከንፈሮችና በዙሪያቸው ያለው፥ ቀጥሎ ወደ ማሕፀን የሚያስገባው መተላለፊያ፥ በመጨረሻም የማሕፀን በር። ከሦስቱ ይልቅ ጥቁር ነቀርሳ የሚወጣው በውጨኛው ክፍል ነው። በዚያ ስፍራ ከሚወጡት ነቀርሳዎች ሁሉ ከ100ው ከ5 እስከ 10 ያህሉ ጥቁር ነቀርሳ ናቸው፤ ይኸውም ፀጉር በሌለበት በውስጠኛው ከንፈርና በቂንጥር አካባቢ ይበዛል። በመተላለፊያው ላይ የሚወጣው ከዚህ ይበልጥ ጥቂት ነው፤ ሲወጣም ብዙ ጊዜ ከበሩ አጠገብ፥ በፊተኛው ግድግዳ ላይ ነው። በማሕፀን በር ላይ የሚጀምረው ግን በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ እንኳ እየተለቀመ የሚቈጠር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በአገራችን ሴቶችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚያጠቃው የተለመደው የማሕፀን በር ካንሰር ነው፤ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተሰላው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ7 ሺህ የሚበልጡ ሴቶችን ይይዛል። እርሱ የሚመጣው በግብረ ሥጋ ከሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ስለዚህም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ክትባት ይሰጣል። ጥቁር ነቀርሳ ግን የዚህ ቫይረስ ሥራ አይደለም፤ ክትባቱም አይከለክለውም። ከዝሙት የመጣ አይደለምና በዚህ ምክንያት ሴቲቱን መጠርጠር ታላቅ በደል ነው። ካለመታጠብም የሚመጣ አይደለም። ይህን በንጽሕና መጽሔት ላይ መጻፋችን ሊያስገርም ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን «ንጽሕና ጐድሎኝ ነው» የሚል ሐሳብ ብዙ ሴቶችን ከሐኪም ስለሚያርቅ በግልጽ መናገር ይገባናል። መታጠብ ለዚህ ሕመም የሚጠቅመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሴት በምትታጠብበት ጊዜ እጇ ያልነበረ እብጠት ወይም ሻካራ ነገር ያገኛል፥ በመስታወት ብትመለከትም የቀለም ለውጥ ታያለች።

ስለ ምልክቶቹ በዝርዝር እንናገር። በሰውነት ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ሁሉ ክፉ አይደለም። ሕዝባችን «ማርያም የሳመችኝ» የሚለው ከልደት ጀምሮ ያለ ምልክት ሳይለወጥ ከኖረ አያስፈራም። ደግሞም የብልት ቆዳ በተፈጥሮው ከሌላው ገላ ይጠቍራል፤ በእርግዝና ጊዜ ይበልጥ ይጠቍራል፤ ከቆዳው ጋር የተካከለ፥ የማያሳክክና የማይደማ ጥቁር ጥላም በብዙ ሴቶች ላይ ይገኛል። ይህን ያየች ሴት ሁሉ ብትደነግጥ ትምህርታችን ጥቅም ሳይሆን ጭንቀት ያመጣል። የሚያሳስበው ለውጥ ነው፤ ይኸውም ቀድሞ ያልነበረ ጥቁር ምልክት በጎልማሳነት ወይም በእርጅና ዘመን ሲወጣ፥ የነበረውም ሲሰፋ፥ ዳርቻው ሲዘበራረቅ፥ በአንድ ምልክት ላይ ጥቁር፥ ቡናማ፥ ቀይና ነጣ ያለ ቀለም ሲቀላቀል፥ ከቆዳው ከፍ ብሎ ሲያብጥ፥ ሲያሳክክ፥ ሲቈስልና ሲደማ ነው።

ከዚህም የሚከፋው ጥቁር ያልሆነው ጥቁር ነቀርሳ ነው። በብልት ላይ ከሚወጡት ከአራቱ አንዱ ያህል ቀለም የለውም፤ እንደ ሥጋ የቀላ ትንሽ እብጠት ወይም የማይድን ቍስል ብቻ ይመስላል። ስለዚህ «አልጠቈረምና እርሱ አይደለም» ማለት አይቻልም። በመተላለፊያው ውስጥ የወጣው ደግሞ ለባለቤቲቱ ስለማይታያት የምታውቀው በደሙ ነው። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ዓመታት ያለፏት ሴት ጥቂትም ቢሆን ደም ብታይ፥ ወይም ከግንኙነት በኋላ ብትደማ፥ ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ቢወርዳት፥ «አበባዬ ተመለሰ» ብላ ዝም ልትል አይገባም። ይህ ምልክት የብዙ ሌሎች ሕመሞችም ምልክት ነውና ምርመራው በማናቸውም መንገድ አይከስርም። በብሽሽት ውስጥ የማይጠፋ ንፍፊት ከታየ ደግሞ ሕመሙ ከተነሣበት ስፍራ መሄድ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

በገጠር ይህ እብጠት ሲገኝ የሚሰጠው ስም አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ነው። ኪንታሮት የተባለ እንደ ሆነም መድኃኒት አዋቂ ይፈለጋል፤ እርሱም የቅንጭብ ወተት ይቀባል፥ ወይም በክርና በፈረስ ጭራ አሥሮ ይቈርጣል፥ ወይም በጋለ ብረት ይተኵሳል። የወይባ ጢስ እንድትሞቅም ትመከራለች። የአገር መድኃኒትን ሁሉ ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ለእውነተኛ ኪንታሮት ምን እንደሚያደርግም እዚህ አንከራከርም። ለጥቁር ነቀርሳ ግን ይህ ሁሉ ጕዳት ነው። ላይኛው ክፍል ተቃጥሎ ይወድቃል፥ ቍስሉም የጠገገ ይመስላል፥ ሴቲቱም ዳንሁ ብላ ታመሰግናለች፤ ሥሩ ግን ከታች ይሄዳል። ከወራት በኋላ ወደ ሆስፒታል ስትመጣ ደግሞ ጠባሳው የመጀመሪያውን መልክ አጥፍቶት ሐኪሙ የሚመረምረው ነገር ይቸግረዋል።

የሥሩ ጥልቀት በዚህ ሕመም ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለው አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ሐኪም በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ ገለጸው፥ የታማሚው ዕድል የሚታወቀው ነቀርሳው በቆዳው ላይ በሰፋው ስፋት ሳይሆን ወደ ውስጥ በገባው ጥልቀት ነው። ልኩም በሚሊ ሜትር ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ብቻ ይወገዳል፤ እየጠለቀ በሄደ ቍጥር ወደ ንፍፊት፥ ወደ ሳንባና ወደ ጕበት የመሄዱ ዕድል ይጨምራል። 1 ሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ወደ ጎተራው ይሂድ፤ የአንዲት ጤፍ ፍሬ ርዝመት ያህል ነው። በተስፋና በሐዘን መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ቀጭን ነው። ሴቲቱ ከስድስት ወር በፊት ብትመጣ ኖሮ የሚባለውም ስለዚህ ነው።

በሌሎች አገሮች በተደረገው ቈጠራ በውጨኛው የብልት ክፍል ጥቁር ነቀርሳ ከወጣባቸው ሴቶች እኩሌታ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ። በመተላለፊያው ውስጥ ከወጣባቸው ግን ከአራቱ አንዷ ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው። ልዩነቱ በከፊል ከሕመሙ ጠባይ፥ በከፊልም ከመዘግየት ይመጣል፤ የውስጡ የሚታወቀው ዘግይቶ ነውና።

አሁን ንግግራችንን ወደ አዋላጆችና ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናዙር። ይህ ሕመም በብዛት የሚያገኛቸው ስድሳ ዓመት የደረሱና ያለፉ ሴቶች ናቸው። የጤና አገልግሎታችን ግን ሴትን የሚያገኛት በእርግዝና፥ በወሊድ፥ በወሊድ መቈጣጠሪያና በልጅ ክትባት ጊዜ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም የተወሰነው በይበልጥ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ነው። አሮጊቷ እንግዲህ ከሁሉም መረብ ውጭ ናት። መውለድ ካቆመች ወዲህ ማንም አልመረመራትም፤ እርሷም ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣ ለጉልበቷ ወይም ለዐይኗ እንጂ ለዚህ አትመጣም። የመጣች እንደ ሆነም «ማሕፀኔን አሞኛል» ትላለች፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ከአፏ አይወጣም። በዚህ ቃል ላይ ቆሞ ክኒን ሰጥቶ መስደድ አይገባም። ልጅ የሆነች አዋላጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ መጋረጃ ስባ፥ «እማማ፥ ሕመሙ ከውጭ በኩል ነው ወይስ ከውስጥ? የሚያሳክክዎ ወይም የሚደማ ነገር ይዳስሳሉን? እኔ እንደ ልጅዎ ነኝና አይፈሩኝ» ብትላት መልስ ታገኛለች። ለባልና ለልጅ ያልተነገረ ነገር ለእንዲህ ያለች አዋላጅ ሲነገር ይታያል።

ምርመራውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቀላል ስሕተት እንጠቁማለን። ስፔኩለም የሚባለው መክፈቻ መሣሪያ ሲገባ የመርማሪዋ ዐይን በቀጥታ ወደ ማሕፀን በር ይሄዳል። ሁለቱ የመሣሪያው ምላሶች ግን የመተላለፊያውን ፊተኛና ኋለኛ ግድግዳ ይሸፍናሉ፤ ቀደም ብለን እንዳልነው በመተላለፊያው ውስጥ ጥቁር ነቀርሳ የሚወጣው በተለይ በፊተኛው ግድግዳ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሲወጣ ቀስ ብሎ እየዞረ ግድግዳው ሁሉ እንዲታይ ማድረግ፥ ከመግባቱም በፊት የውጨኛውን ከንፈር እጥፋት ሁሉ ገለጥ አድርጎ መመልከት ይገባል። ይህ ሁሉ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በሕፃንነት የተገረዘች ሴት ከሆነችም በጠባሳው ላይ የወጣ አዲስ እብጠት የግርዛቱ ነው ተብሎ አይታለፍ።

ሕክምናው በመጀመሪያ ቀዶ ጥገና ነው። በቀድሞ ዘመን ሐኪሞች የሴቲቱን ብልት ውጨኛ ክፍል ሁሉ ከነንፍፊቶቹ ያነሡ ነበር፤ ይህም ብርቱ ሥቃይ ነበረ። በኋላ በተደረገው ማነጻጸር ያን ያህል ማንሣት ዕድሜ እንዳልጨመረ ስለ ታወቀ፥ ዛሬ ነቀርሳውን በዙሪያው ካለ በቂ ጤነኛ ሥጋ ጋር ማንሣት ይበቃል። ሴቶች ለሐኪም ለመታየት ከሚፈሩበት ምክንያት አንዱ «ሁሉን ይቈርጡታል» የሚለው ወሬ ነውና ይህ ይነገራቸው። የጨረር ሕክምና ለአንዳንዶች ይታከላል፤ በዚህ ሥራ ለረጅም ዘመን በአገራችን ብቸኛ የነበረው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ደግሞ የሰውነትን የመከላከያ ኀይል አነቃቅተው ነቀርሳውን የሚዋጉ መድኃኒቶች ለሜላኖማ ተፈቅደዋል፤ የዚህ ጥበብ መሠረት የጣሉት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ነገር ግን ዋጋቸው እጅግ ከባድ ነው፤ በእርጥብ ሽፋን ላይ ለወጣው ሜላኖማም በገላ ቆዳ ላይ ለወጣው የሚረዱትን ያህል አይረዱም። ስለዚህ ተስፋችንን በእነርሱ ላይ ጥለን መዘግየት አይገባም።

የመጨረሻው ነገር የመንገድ ነገር ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ለሞጣ ሰው ባሕር ዳር፥ ለቢቸና ሰው ደብረ ማርቆስ ይቀርበዋል። ከጮቄ ተራራ ሥር ለምትኖር አሮጊት ግን ሁለቱም ሩቅ ናቸው፤ መሳፈሪያውም፥ ማደሪያውም፥ አብሮ የሚሄደው ሰው ሥራ መፍታቱም ወጪ ነው። «ሪፈር ተጽፎልኛል» ብላ ወረቀቱን በመቀነቷ ቋጥራ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያው ምርመራ መሄድ ያለባት እርሷ አይደለችም፤ ከእብጠቷ የተቈረጠችው ትንሽ ሥጋ ናት። ይህን ናሙና በሰመመን መርፌ አደንዝዞ መውሰድ ለወረዳ ሆስፒታል ሐኪም የማይከብድ ሥራ ነው። እብጠቱ ትንሽ ከሆነ ሙሉውን፥ ትልቅ ከሆነ ከጠለቀው ክፍሉ እስከ ታችኛው ሥጋ ድረስ ይውሰድ እንጂ ላዩን አይላጨው፤ ላዩ ከተላጨ ጥልቀቱ አይለካም። ናሙናው ከራሱ አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፥ ክዳኑ በሚጠብቅ ሰፊ አፍ ዕቃ ይቀመጥ፤ በረዶ ውስጥ አይግባ። እንዲህ ከተደረገ መንገዱ ቢዘገይም ለብዙ ቀናት ሳይበላሽ ይቈያል። በዕቃው ገላ ላይ፥ በክዳኑ ላይ ሳይሆን፥ የሴቲቱ ስም፥ ዕድሜና ቀን ይጻፍ፤ አብሮ በሚላከው ወረቀት ላይ ደግሞ ከየትኛው ስፍራ እንደ ተወሰደ፥ ከታየ ስንት ወር እንደ ሆነው፥ ቀለሙ ምን እንደ ነበረ፥ ከዚያ በፊት ተተኵሶ ወይም ተቀብቶ እንደ ሆነ ይጠቀስ። ለሴቲቱም ውጤቱ የሚመጣበት ቀን ተነግሯት፥ ቀበሌዋና በቅርብ የሚገኝ ዘመድ ስልክ በመዝገብ ይያዝ፤ ስልክ የሌላት እንደ ሆነም የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መልእክቱን ይዛ ቤቷ ድረስ ትሂድላት።